አራተኛው ታንክ

ጤፍ ስንት እንደገባ የምታውቁ ሁሉ ይቅር በሉን። ባለፈው ክረምት ጉኑኖ ላይ ቁጭ ብለን አንድ እፍኝ ጤፍ ካርቶን ላይ በኮላ ስንለጥፍ ሰነበትን። አንድ በአንድ፣ በስቴኪኒ ጫፍ እያነሳን። (ቀይ ጤፍ ነው፤ ጥፋታችንን የሚያቀልልን ከሆነ።) ያየን ሁሉ ሳይታመሙ አይቀርም ብሎ አለፈ። ያረፍንበት ቤት እማማ ግን ሁለት ቀን በትዕግሥት ካዩን በኋላ መጡና፣ «ልጆቼ፣ በማሽላ አይሆንም ነበር?» አሉን።

አይሆንም ነበር እማማ። ማሽላ ይተልቃል።

እንሠራው የነበረው ታንክ ነው። ከእውነተኛው 35 ጊዜ ያነሰ፣ ከካርቶን የተቆረጠ፣ የድሮ የጣሊያን ታንክ። የዚያ ዘመን ታንክ እንደዛሬው በብየዳ አይያያዝም፤ ላሜራው በሪቬት ነው የሚመታው፤ ገላው ሁሉ በሪቬት ራስ የተሞላ ነው። ያንን የሪቬት ራስ ለ35 ስታካፍሉት የጤፍ ፍሬ ያህል ይሆናል። ይህንን ያገኘነው በጥናት አይደለም፤ ማታ እራት ላይ እንጀራው ፊት ለፊታችን ሆኖ ነው።

«ጉኑኖና ታንክን ምን አገናኛቸው?» ትሉ ይሆናል። ጉኑኖን ለማታውቋት፦ ወላይታ ዞን፣ ዳሞት ሶሬ ወረዳ፣ ከአሬካ ብዙም የማትርቅ፣ እንሰትና ቀይ አፈር ያላት ከተማ ናት። አፈሯ ዝነኛ ነው፤ ከስዊዘርላንድ ጋር በተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ከተመረጡት ጣቢያዎች አንዱ በ1970ዎቹ የተከፈተው እዚሁ ነው። ታንክ በታሪኳ ውስጥ ፈልገን አላገኘንም። ግን ከዚህ ወደ ሶዶ ወጥታችሁ፣ በቦዲቲና በሾኔ አድርጋችሁ ወደ ሻሸመኔ የሚወስደውን መንገድ ብትይዙ ቁሊቶ ትደርሳላችሁ፤ ብላቴ ወንዝ እዚያው ነው። ግንቦት 11 ቀን 1933 ዓ.ም. ብላቴ ዳር ታንክና ሰው ፊት ለፊት ተገናኝተው ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ጦሩ ሶዶ ገባ። በእኛ ዕድሜ ያለ ሰው ስለዚያ ቀን ሰምቶ ከሆነ ይገርመናል። እኛም የሰማነው ስለ ካርቶን ታንክ ስናነብ ነው፤ የምናፍርበት ቢሆንም እውነቱ ይኸው ነው።

መጀመሪያ ግን ታንክ የሚባለው ነገር ራሱ ከየት መጣ?

ታንክ ለመጀመሪያ ጊዜ ጦር ሜዳ የወጣው መስከረም 5 ቀን 1909 ዓ.ም. ፈረንሳይ ውስጥ ሶም ወንዝ አጠገብ ነው። ልብ በሉ፤ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን የወረዱት መስከረም 17 ቀን ነው፤ የሰገሌ ጦርነት ደግሞ ጥቅምት 17። እዚህ ንጉሥ ነጋሢ በፈረስና በጎራዴ ሲወሰን፣ እዚያ እንግሊዞች ከ49 ታንኮቻቸው መሄድ የቻሉትን ጭቃ ውስጥ ይነዱ ነበር። ከፊሎቹ ገና ወደ መነሻው መስመር ሳይደርሱ ተበላሽተዋል። ስሙም ቢሆን ከውሸት የመጣ ነው። ምሥጢሩ እንዳይወጣ ሲባል ፋብሪካው ውስጥ «የውኃ ማጠራቀሚያ ነው የምንሠራው» ተባለ። ስለዚህ አሁን ግቢያችሁ ውስጥ ጣሪያ ላይ የተቀመጠው ሮቶና ያ የብረት አውሬ የስም ዘመዳሞች ናቸው።

አንድ ሌላ ነገር እንጨምርና እንለፍ። እነዚያን የመጀመሪያ ታንኮች ምን ቀለም እንቀባቸው ተብሎ ሲታሰብ የተጠራው ሰሎሞን ጄ. ሰሎሞን የሚባል የታወቀ የለንደን ሠዓሊ ነበር። ሰውየው እንደ ሥዕል ሸራ አረንጓዴ፣ ቡናማና ሮዝ አደባልቆ ቀባቸው። ከዚያ ሶም ላይ ጭቃው መጣና ሁሉንም አንድ ዓይነት አደረጋቸው። ይህንን ጭቃ አትርሱት፤ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ካርቶናችን። የተዘጋጀ የፕላስቲክ ታንክ በዓለም ላይ ሞልቷል፤ ሳጥን ከፍቶ መገጣጠም ብቻ ነው። ለዚህ ሥራ የተለመደው መጠን 1 ለ35 ነው። ለምን 35? 30 ወይም 40 ቢሆን ለሒሳብ አይቀልም? ምክንያቱ አስቂኝ ነው። ታሚያ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1954 ዓ.ም. የጀርመኑን ፓንተር ታንክ ሞዴል ሲያወጣ በሞተር እንዲሄድ ፈለገ፤ ሆዱ ውስጥ ባትሪ እንዲገባ አድርገው ሲሠሩት መጠኑ 1 ለ35 ገደማ ሆነ። ሌላው ዓለም ተከተለ። በባትሪ ድንጋይ የተወሰነ ደንብ ነው እንግዲህ። እኛ ከውጭ ለማስመጣት አቅሙም ትዕግሥቱም አልነበረንም። ካርቶን ግን ጉኑኖም አለ። ምላጭ፣ ኮላ፣ ማስመሪያ፣ ከተበጠሰ ነጠላ ጫማ የተቆረጠ ሶል፣ ስቴኪኒ። ሌላ ምን ያስፈልጋል?

በመጀመሪያ እጃችንን ለማፍታታት ትንሹን ሠራን። ኤል 3 ይባላል፤ ጣሊያኖች «ካሮ ቬሎቼ»፣ ፈጣኑ ታንክ፣ ሲሉት ኖረዋል። ንድፉን ያገኙት ካርደን ሎይድ ከተባለው የእንግሊዞች ግልገል ታንክ ነው። በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ሲወርሩ በብዛት ይዘውት የመጡት ይህንን ነው። (በነገራችን ላይ እኛም ያን ጊዜ ጥቂት ታንኮች ነበሩን፤ ፊያት 3000 የሚባሉ። የመጡትም ከዚያችው ከጣሊያን ነው። የወዳጅነት ዘመን ዕቃ።)

የኤል 3 እውነተኛ ቁመት 1 ሜትር ከ28 ሳንቲም ነው። ርዝመቱ 3 ሜትር ከ17፣ ክብደቱ 3 ቶን ከምናምን፣ የሚይዘው ሁለት ሰው። ለ35 ስናካፍለው ርዝመቱ 9 ሳንቲም፣ ቁመቱ 3 ሳንቲም ተኩል ትንሽ ፈቀቅ ያለ ሆነ። መዳፍ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ከጉኑኖ ሸክላ 1 ሜትር ከ70 የሚሆን ሰው ሠራን፤ 5 ሳንቲም ሊሞላ ጥቂት የቀረው። አጠገቡ አቆምነው።

ዝም ተባባልን። ታንኩ ሰውየውን ደረቱ ላይ ነው የደረሰው።

ስለ ደምበጊና ያነበብነው ሁሉ በዚያች ደቂቃ ተገለበጠብን። ታሪኩን ታስታውሱ ይሆናል። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ ሽሬ ውስጥ ደምበጊና በር ላይ ከሜጀር ክሪኒቲ ጦር ጋር ተጋጠመ። የክሪኒቲ ወታደሮች አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ፤ ይህንንም አንዘልለውም፤ በሁለቱም ወገን የወደቀው በአንድ ቋንቋ «እናቴን!» ይል የነበረ ሰው ነው። ታንኮቹ መጡ። የእኛ ሰዎች ከፊት ሳይሆን ከኋላና ከጎን ገቡባቸው፤ ሰንሰለቱን አሰናከሉ፣ ላያቸው ላይ ወጡ። በአንድ ባላምባራስ ስም የሚነገረው ደግሞ እንዲህ ነው፦ ታንኩ ላይ ዘሎ ወጣ፣ ክዳኑን በኃይል መታው፣ ውስጥ ያሉት ከፍተው ብቅ ሲሉ በጎራዴ ጨረሳቸው። የፈረንጅ መጻሕፍት «ታሸማ» ብለው ነው የሚጽፉት፤ በአማርኛ ተሰማም ተሸመም ሊሆን ይችላል። ስሙ ፊደል ሲቀይር ከፊሉ መንገድ ላይ ቀርቷል።

አንዳንዱ ጽሑፍ ባላምባራሱ «የሚዞረው ቆብ» ላይ ወጣ ይላል። ቆብ ስንል ታንክ አናት ላይ እየዞረ የሚተኩሰውን ቤት ነው፤ ፈረንጆቹ ቱሬት የሚሉትን። ኤል 3 ግን ቆብ የለውም! ካርቶኑን ስትቆርጡ ወዲያው ይገባችኋል፤ የምትቆርጡት ቆብ የለም። ከላይ ሁለት ክዳን ያለው ዝግ ሣጥን ብቻ ነው። መትረየሱ ፊት ለፊት ተሰክቷል፤ ወደ ግራና ቀኝ የሚዞረው በጥቂቱ ነው። ዞሮ የሚያይህ ቆብ ከሌለው፣ ቁመቱም ደረትህ ድረስ ከሆነ፣ ከጎን ለሚመጣ ደፋር ሰው ይህ ታንክ የታወረ በሬ ነው። አለፍ ብሎ ክዳኑ ላይ መቆም አንድ እርምጃ ነው። እኛ ልጆች ሆነን ታሪኩን ስንሰማ የአንድ ፎቅ ቤት የሚያክል ብረት ላይ በጎራዴ የወጣ ተአምረኛ ሰው ነበር የሚታየን። ሞዴሉ ተአምሩን ቀነሰብን። በምትኩ የሰጠን ነገር ግን ይበልጥብናል፦ ያ ሰው አይቷል፣ የታንኩን ድክመት ለክቷል፣ ከዚያ ነው የዘለለው። መትረየስ እየተተኮሰ ይህንን ማሰብ ከተአምር ያነሰ ይመስላችኋል?

ከደምበጊና በኋላ የመጣውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በስምንተኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 13፣ ተከዜ ላይ በራስ እምሩ ጦር ላይ የመርዝ ጋዝ ከአውሮፕላን ወረደ። ለጋዝ ሞዴል አይሠራለትም።

ትንሹን ታንክ አስቀመጥንና ትልቁን ጀመርን። ኤም 11/39። «ኤም» መካከለኛ ማለት ነው፤ 11 ቶኑ ነው፤ 39 የፈረንጆቹ 1939 ነው፣ በእኛ 1931 መሆኑ ነው። በጠቅላላ 100 ብቻ ነው የተሠራው። 24ቱ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ተላኩ። ሰኔ 1932 ዓ.ም. ጣሊያን ጦርነት ውስጥ ስትገባ ስዊዝ ተዘጋባት፤ እዚህ ያሉት 24 ታንኮች ያለ መለዋወጫ ቀሩ። በዚህ አካባቢ ጣሊያን ሌላ ዓይነት መካከለኛ ታንክ አልነበራትም። ስለዚህ ብላቴ ዳር የታዩት «መካከለኛ ታንኮች» እነዚህ ናቸው ብለን ቆረጥን፤ ካርቶኑንም ቆረጥን።

ርዝመቱ 13 ሳንቲም ተኩል ገደማ፣ ስፋቱ 6 ሳንቲም ከትንሽ፣ ቁመቱ 6 ሳንቲም ተኩል። የሸክላው ሰውዬ አሁን ተበለጠ። ይኼኛው ከሰው ራስ በላይ ነው፤ መውጣት አለብህ፣ መያዣ መፈለግ አለብህ።

ሥራው ላይ አንድ የገረመን ነገር የቃላቱ ጉዳይ ነው። ከሶዶ አንድ የጋራዥ ባለሙያ ወዳጃችንን በስልክ እየጠየቅን ነበር የምንሠራው፤ ባየልን ፎቶ ላይ ያለውን እየጠራ ያብራራልናል። ላሜራ። ቡሎን። ባሌስትራ (የዚህ ታንክ እግር የሚያርፈው እንደ አይሱዙ ባሌስትራ ላይ ነው)። ጎማ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ለቀለሙ ደግሞ አኳራጅ። ሁሉም ጣሊያንኛ ነው! ታንኮቹ ሄዱ፤ የመፍቻው ሣጥን ቀረ። ካቴና እንኳ ከዚያው የመጣ ነው፤ እነሱ ሰንሰለት ለማለት፣ እኛ እጅ ለማሰር።

ሰንሰለቱን ከምን እንሥራው ብለን ብዙ ተጨቃጨቅን። መልሱ እዚያው ካርቶኑ ውስጥ ነበር። የወፍራም ካርቶን አንዱን ፊት ላጥ ስታደርጉት ውስጡ ያለው ሽንሽን ቁርጥ የታንክ ሰንሰለት ነው። ከነጠላ ጫማው ሶል በየጎኑ 8፣ በጠቅላላው 16 ትናንሽ ጎማ በቆርቆሮ ቱቦ መትተን አወጣን። የፊተኛው መድፍ ስቴኪኒ ነው። 37 ሚሊ ሜትር ለ35 ሲካፈል ቀዳዳው አንድ ሚሊ ሜትር ነው የሚሆነው፤ ስቴኪኒ መብሳት አልቻልንም፣ ጫፉን በእስክሪብቶ አጠቆርነው።

መድፉ የት እንዳለ ግን ተመልከቱ። ቆቡ ላይ አይደለም! ታንኩ ፊት በቀኝ በኩል ሆዱ ላይ ተሰክቷል፤ ትንሽ ብቻ ነው ወደ ጎን የሚዞረው። ቆቡ ወደ ግራ ሸርተት ብሎ የተቀመጠ ሲሆን ያለው ሁለት መትረየስ ነው። ውስጡ ሦስት ሰው፦ ሹፌሩ፣ መድፈኛው፣ ቆቡ ውስጥ ያለው አዛዥ። ትልቁን መሣሪያ ለማዞር ታንኩን ራሱን ማዞር አለብህ። የሠራው መሐንዲስ ምን እያሰበ እንደነበር ብንጠይቀው ደስ ባለን።

እንግዲህ ወደዚያ ቀን።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገብተዋል። በየዓመቱ የምናከብረው ይህንን ነው፤ ስለዚህ ብዙዎቻችን ጦርነቱ በዚያ ቀን ያለቀ ይመስለናል። በወላይታ ገና አልመጣም ነበር። ግንቦት 11 ማለት ከዚያ 14 ቀን በኋላ ነው። የአኦስታው መስፍን አምባላጌ ላይ እጁን የሰጠው በዚያው ሰሞን ስለሆነ የዓለም ወሬ እዚያ ነበር፤ ብላቴን ማን ያስታውሰዋል? (ለወላይታ ደግሞ ጠመንጃ ይዞ የመጣ ጦር ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። ካዎ ጦና በ1887 ዓ.ም. በምኒልክ ጦር ሲሸነፉ የነበሩ ሰዎች በ1933ም በሕይወት ነበሩ። ታሪካችንን ስንቆጥር ይህንን ቁጥር የምንዘለው ብዙ ነን።)

የእንግሊዝ ጦር ከሻሸመኔ በቁሊቶ አድርጎ ወደ ሶዶ እየገፋ ነበር። ወንዙን ቀድመው የተሻገሩት የኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ ወታደሮች ነበሩ፤ አንደኛ ሻለቃ፣ ስድስተኛ ክፍል። ይህ ክፍል የታንጋኒካ፣ የዛሬዋ ታንዛኒያ፣ ክፍል ነው። ሁለት ሻምበል ጦር ተሻገረ፤ ከባድ መሣሪያው ወንዙ ማዶ ቀረ። ያን ጊዜ ከቁጥቋጦው ውስጥ ታንኮች ወጡ። በእጃቸው ታንክ የሚመታ ምንም ነገር የለም።

ናይጄል ሊኪ የሚባል የ28 ዓመት ሳጅን ነበር፤ ኬንያ የተወለደ እንግሊዛዊ፣ የቅድመ ታሪክ ተመራማሪው የሉዊስ ሊኪ ዘመድ። ሞርታሩን እየተኮሰ ጥይቱን ጨርሷል። ከኋላ የመጣው ታንክ ላይ ዘሎ ወጣ፣ የቆቡን ክዳን አስገድዶ ከፈተ፣ በሽጉጥ ከሹፌሩ በቀር ውስጥ ያሉትን ገደለ። ሦስት ሰው ነው የሚይዘው ብለናል፤ ሁለት ሰው መሆኑ ነው። ሹፌሩን አስገድዶ ታንኩን ወደ መከለያ አስነዳው። መድፉን ሊተኩስበት ሞከረ፤ አልሆነለትም። እኛ ጠረጴዛችን ላይ ስቴኪኒውን እያየን ይህ ለምን እንደሆነ የገባን መሰለን፤ ከቆቡ ሆነህ መድፉን አታገኘውም፤ ያለው ታች፣ በቀኝ፣ ሌላ ሰው መቀመጫ ላይ ነው። ሊኪ ወረደና ሌሎቹን ታንኮች በእግሩ ማደን ጀመረ። ሁለቱ አለፉት። ሦስተኛው ላይ ወጣ፣ ከፈተ፣ አንዱን ገደለ። አራተኛው ታንክ በመትረየስ መታውና ወደቀ። አስከሬኑ አልተገኘም። በ1938 ዓ.ም. የእንግሊዝ ትልቁ የጀግና ኒሻን፣ ቪክቶሪያ ክሮስ፣ በስሙ ተሰጠ።

ይህንን ሁሉ የምናውቀው ከኒሻኑ ጋር ከወጣው ጽሑፍ ነው። ጽሑፉን ደጋግመን ስናነበው አንድ ነገር እንደ እሾህ ያዘን። ሊኪ በእግሩ ሲሄድ ብቻውን አልነበረም። አብረውት አንድ አፍሪካዊ ሻምበል ባሻና ሁለት አስካሪዎች ነበሩ። ሳጅኑን የገደለው አራተኛው ታንክ ላይም ወጥተዋል፤ ባሻው ዘሎበታል። የሚከፈትበት መንገድ እንደሌለ ሲያዩ ወረዱ። ውስጥ ያሉት ሊተኩሱባቸው ቆቡን ሲከፍቱ ከዚያ ዞር አሉ። ጽሑፉ በዚህ ያበቃል። ስም የለም። የሻምበል ባሻ ስም፣ ማለትም በሻምበሉ ውስጥ ስሙን የማያውቅ ወታደር የማይኖርበት ሰው ስም፣ ከዚያ ወረቀት ላይ የለም። ማዕረጉ ተጽፏል። ቀለሙ ተጽፏል። ታንኩ ስንተኛ እንደሆነ ተቆጥሯል።

ሊኪን እያሳነስን አይደለም፤ ያደረገውን ያደረገ ሰው ነው። ነገር ግን መሣሪያ ሳይኖርህ፣ ጓደኛህን ዓይንህ ሥር የገደለ፣ 11 ቶን የሚመዝን፣ የተዘጋ ብረት ላይ መውጣት ምን ማለት ነው? ክዳኑ አልከፈት ስላለ ኒሻን የለም፤ ኒሻን ስለሌለ ስም የለም። እኛም አገር እንዲሁ ነው። ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቅጂው የቆመውን ሴባስቶፖልን አስቡት። ጋፋት ላይ መድፍ ያቀለጡትን የፈረንጆቹን ስም፣ ቫልድማየርን ጨምሮ፣ መጽሐፍ ይዞታል። ያንን ጭነት እየጎተተ መቅደላ ያወጣው ሕዝብ ግን «ሕዝብ» ተብሎ አልፏል።

ስለዚህ ከኤም 11/39 አንዱን እንሥራ ስንል የትኛውን የሚለው ጥያቄ በዚህ ተመለሰ። አራተኛውን። ክዳኑን አልሸነቆርነውም፤ ሁሉም ሞዴል ሠሪ ክዳን ከፍቶ ውስጡን ማሳየት ይወዳል፣ እኛ ግን በኮላ ድፍን አድርገን ዘጋነው። ከሸክላ ሦስት ሰው ሠራን። አንዱ ቆቡ ላይ ተንበርክኮ ጣቱን ክዳኑ ሥር ይፈልጋል። ሁለተኛው አንድ እግሩን ሰንሰለቱ መከለያ ላይ አድርጓል። ሦስተኛው መሬት ላይ ነው። ፊታቸውን ለመቅረጽ ሞከርንና አበላሸነው፤ በ5 ሳንቲም ሰው ላይ አፍንጫ መሥራት ያልተማረ እጅ የሚችለው አይደለም።

ቀረ ቀለም። በዓለም ላይ ያሉ ሞዴል ሠሪዎች እንደ ቀለም የሚጣሉበት ነገር የለም። ፎቶው ሁሉ ጥቁርና ነጭ ነው፤ አንዱ ግራጫ ነው ይላል፣ አንዱ አሸዋማ ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ ይላል። እኛ በመጀመሪያ አንቲራስት ቀባነው፤ ካርቶን ባይዝግም ለቀጣዩ ቀለም መያዣ ይሆናል። አኳራጁ ቢበዛበት ካርቶኑ ሊፈታ ነበር፤ ለጥቂት ነው የተረፈው። ከዚያ አሸዋማ፤ በላዩ በስፖንጅ ቁራጭ ጠብ ጠብ ያለ አረንጓዴ። ብሩሽ አትጠቀሙ፤ ጤፉን ያነሳዋል። ሲደርቅ አዲስ ከገበያ የመጣ መጫወቻ መሰለ። አስጠላን።

ያኔ ነው ጭቃው የታወሰን። ግንቦት ነው፤ ዝናብ ነው፤ ወንዝ ዳር ነው። ሶም ላይ የሠዓሊውን ሥራ የዋጠው ጭቃ እዚህም አይቀርም። ከጓሮ ቀይ አፈር አምጥተን፣ አድርቀን፣ በነጠላ ጨርቅ ነፍተን፣ ውኃ በተቀጠነ ኮላ አቦካነው። ሰንሰለቱን፣ ጎማውን፣ ሆዱን ቀባነው። የተረፈውን ደረቁን ዱቄት እፍ እያልን በተንነው። ስለ ቀለሙ የነበረው ክርክር ሁሉ እዚያ ሥር ተቀበረ። አሁን ታንኩ ወላይታ መጥቶ የቆየ ይመስላል። የብላቴ ዳር አፈር ከጉኑኖው ትንሽ ሊለይ ይችላል፤ አዋቂ ካለ ያርመን።

ሶዶ ግንቦት 14 ቀን ተያዘች። ጄኔራል ሊቤራቲና ጄኔራል ባካሪ፣ የሁለት ክፍለ ጦር አዛዦች፣ ተማረኩ። የእነሱ ስም አለ፤ ጄኔራል ሲማረክም ስሙ አይጠፋም። ጦሩ ወደ ኦሞና ወደ ጅማ አለፈ፤ የመጨረሻው የጣሊያን ጦር ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ነው።

የእማማ የልጅ ልጅ፣ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ፣ ቀለሙ ሲደርቅ አጠገባችን ነበር። «ስማቸው ማን ነው?» አለን ሦስቱን እያሳየ። አልተጻፈም አልነው። «እናንተ አውጡላቸዋ!» አለ፤ ቀላል ነገር ነው፤ እሱ ለበጎቹም ያወጣል። ትንሽ ፈተነን፤ ከመካከላችን አንዷ የስዋሂሊ ስሞች መቁጠር ሁሉ ጀምራ ነበር። ተውነው። የሌላ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ አንድ ቀን ከወደ ታንዛኒያ ትክክለኛው ሊመጣ ይችላል። ከሥሩ ባለው ጣውላ ላይ በእስክሪብቶ እንዲህ ብለን ጻፍን፦ «ብላቴ፣ ግንቦት 11 ቀን 1933 ዓ.ም.። አንድ ሻምበል ባሻ፣ ሁለት አስካሪዎች።» ከጎኑ ሌላ ጽሑፍ የሚይዝ ቦታ ተውን።

ታንኩ አሁን ጉኑኖ፣ እማማ ቡፌ ላይ፣ ከብርጭቆዎቹ አጠገብ ነው። በቀደም ደውለው ነበር። እርጥበቱ ኮላውን አላልቶት ከቆቡ ላይ ጥቂት ሪቬት ረግፏል። «እኔው ሞላሁት፣ አታስቡ» አሉን። በምን እንደሞሉት ጠየቅናቸው።

በማሽላ።